በውርጭ ማለዳ ለሚወለድ ግልገል ሙቀቱን ማን ያሰናዳል?

(ለእንስሳት ጤና ተማሪዎች፣ ለበግ አርቢዎችና ለእንግዶች ካደረግሁት ንግግር የተዘጋጀ። ከጥያቄዎቹ ውስጥ ሦስቱን መጨረሻ ላይ አስቀምጫለሁ።)

እንደምን ዋላችሁ። ስላይድ አላመጣሁም፤ ስለዚህ መብራት አይጠፋም፣ የሚተኛም አይኖርም ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ዛሬ የማወራው ስለ አንዲት ሰዓት ነው። ግልገል ከእናቱ ሆድ ወጥቶ መሬት የሚነካባት የመጀመሪያዋ ሰዓት። ቦታውን ደብረ ብርሃን እናድርገው። ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ነው። ወሩ ኅዳር፣ ሰዓቱ ከሌሊቱ 11 ይሁን። ሜዳው ላይ ውርጭ ተጋግሯል። አንዲት የመንዝ በግ ምጥ ላይ ናት።

ማህፀን ውስጥ ያለው ግልገል ሙቀቱ ከ39 ዲግሪ በላይ ነው። እንዲያውም ጽንስ ከእናቱ በግማሽ ዲግሪ ያህል ይሞቃል። ሰውነቱ የሚያመነጨው ሙቀት የሚወጣው በእንግዴ ልጁ በኩል፣ በእናቱ ደም ነውና። ከዚያ ዱብ ይላል። ውጭው ዜሮ ዲግሪ አካባቢ ነው። በአንድ ደቂቃ ውስጥ የ40 ዲግሪ ልዩነት። ያውም እርጥብ ሆኖ።

እርጥቡ ነገር ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ሰው አቅልሎ የሚያየው እሱን ነው። አንድ ግራም ውሃ ከቆዳ ላይ ሲተን 2.4 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይዞ ይሄዳል። 2.5 ኪሎ የሚመዝን ግልገልን በአንድ ዲግሪ ለማቀዝቀዝ 9 ኪሎ ጁል አካባቢ ይበቃል። እስቲ አካፍሉት። አራት ግራም የማይሞላ ውሃ ነው። የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም። ግልገሉ ጠጉር ላይ ያለው የሽርት ውሃ ደግሞ ከዚህ ብዙ እጥፍ ነው። በእርግጥ ለትነቱ የሚሆነው ሙቀት ሁሉ ከገላው አይወጣም፣ ከፊሉን አየሩ ይሰጣል። ግልገሉም ዝም ብሎ አይቀዘቅዝም፤ ሙቀት ያመነጫል። ግን ሒሳቡ እናት በግ ለምን ያን ያህል አጥብቃ እንደምትልስ ይነግራችኋል። ፍቅር ብቻ አይደለም። እያደረቀችው ነው።

ትንሽ ገላ ደግሞ ከክብደቱ ጋር ሲነጻጸር ብዙ ቆዳ አለው። ሙቀት የሚመረተው በሥጋው፣ የሚጠፋው በቆዳው ነው። ስለዚህ 2 ኪሎ ሆኖ የተወለደ ግልገል 4 ኪሎ ሆኖ ከተወለደው ይልቅ በቶሎ ይበርደዋል። መንታ ሲወለድ ትንሹ ቀድሞ የሚሞተው በዚህ ነው። ንፋስ ሲጨመርበት አትጠይቁኝ።

ታዲያ እንዴት ይተርፋል? አብዛኛው ይተርፋልኮ። ጤነኛ ግልገል በመጀመሪያዋ ሰዓት አንድ ሁለት ዲግሪ ይወርድና ተመልሶ ወደ 39 ይወጣል። ብርድ ሲበረታበት በእረፍት ጊዜ ከሚያመነጨው ሙቀት አራት አምስት እጥፍ ማመንጨት ይችላል። ይህን የሚያደርገው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ መንቀጥቀጥ ነው። ጡንቻ እየተኮማተረ ሙቀት ይሰጣል። ሁለተኛው ከውጭ አይታይም። በ1968 (እ.ኤ.አ.) አሌክሳንደርና ዊሊያምስ የተባሉ የአውስትራሊያ ተመራማሪዎች ግልገሎችን አቀዝቅዘው ለኩ። ከጠቅላላው ሙቀት ግማሽ የሚጠጋው ያለ መንቀጥቀጥ የሚመጣ ሆኖ አገኙት። ምንጩ ቡናማ ስብ ነው።

ተማሪዎች፣ ሞቶ የተወለደ ወይም በተወለደ በሰዓታት ውስጥ የሞተ ግልገል ስትከፍቱ ኩላሊቱን የከበበውን ስብ እዩት። ነጭ አይደለም፤ ወደ ቡና የሚያደላ መልክ አለው። ከግልገሉ ክብደት 2 በመቶ ገደማ ነው፣ 50 ግራም ቢሆን ነው። ግልገሉ ከብርድ ጋር ሰዓታት ታግሎ ከሞተ ስቡ አልቆ፣ ጠቁሮና ቀልቶ ታገኙታላችሁ። ስቡ እንዳለ ከሆነ ግን ሞቱ ሌላ ነው፤ ወይ ምጡ ላይ ነው የሞተው ወይ ሌላ ነገር ገድሎታል። በአንድ ቢላዋ ይህን ያህል የሚናገር አካል ብዙ የለም።

ቡናማ ስብን ለመጀመሪያ ጊዜ የገለጸው ኮንራድ ጌስነር የተባለ የስዊዘርላንድ ሊቅ ነው፣ በ1551 (እ.ኤ.አ.)፣ ክረምቱን ተኝቶ በሚያሳልፍ የተራራ አውሬ ውስጥ አይቶ። ምን እንደሚሠራ ግን ከ400 ዓመት በላይ በትክክል አልታወቀም። ሙቀት አምራች መሆኑ የተረጋገጠው በ1960ዎቹ ነው። አንዳንድ ጊዜ ሳይንስ ይዘገያል፤ እኛ ብቻ አይደለንም።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በአብዛኞቹ የገላ ሕዋሳት ውስጥ ማይቶኮንድሪያ የሚባሉ ክፍሎች አሉ። ምግቡን ያቃጥሉና በዚያ ጉልበት ፕሮቶኖችን ከአንድ ሽፋን ወዲያ ይገፋሉ። ፕሮቶኖቹ ተመልሰው ሲገቡ በአንድ መግቢያ ያልፋሉ። ሲያልፉ ሕዋሱ ለሥራው የሚጠቀምበት ኤቲፒ ይመረታል። በቡናማ ስብ ውስጥ ግን ሌላ መግቢያ አለ፣ ዩሲፒ-1 የሚባል ፕሮቲን። በዚህ በኩል የሚመለሱት ፕሮቶኖች ምንም ሥራ ሳይሠሩ ይገባሉ። ጉልበቱ በሙሉ ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ብክነት ይመስላል። ለግልገሉ ግን ነፍሱ ነው።

ይህ ፕሮቲን የሌለው እንስሳ ምን እንደሚሆን ማየት ለፈለገ አሳማ አለ። በ2006 (እ.ኤ.አ.) የስዊድን ተመራማሪዎች የአሳማን ዘረ መል መርምረው የዩሲፒ-1 ዘረ መል ከ20 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ተበላሽቶ እንደቀረ አሳዩ። አሳማ ከሙቅ አገር የመጣ ዘር ነው፤ ያኔ ብዙም አልጎዳው ይሆናል። ዛሬ የአሳማ ግልገል ሲወለድ ያለው መንቀጥቀጥ ብቻ ነው። ለአዲስ ግልገል አሳማ የሚመቸው የአየር ሙቀት 34 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ከዚያ በታች ብርድ ነው። ለዚህ ነው አሳማ አርቢዎች አምፖል የሚያንጠለጥሉት። ለዚህም ነው እናት አሳማ ከመውለዷ በፊት ጎጆ የምትሠራው። ሌሎች ባለ ሰኮና እንስሳት ይህን አያደርጉም።

አሁን ወደ ታይሮይድ ዕጢ እንምጣ፤ ይህ ማሞቂያ ከእሷ ጋር የተያያዘ ነው። አንገት ላይ፣ ከጉሮሮ በታች፣ በአየር ቧንቧው ግራና ቀኝ ነው የምትገኘው። የምትሠራው ሆርሞን አዮዲን ይፈልጋል። አራት አዮዲን የያዘው ቲ-4 ይባላል፣ ሦስት የያዘው ቲ-3። ዕጢዋ በብዛት የምትለቀው ቲ-4ን ነው። ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ሥራ የሚሠራው ግን በዋናነት ቲ-3 ነው። ስለዚህ አንዱ አዮዲን መነቀል አለበት። ይህን የሚነቅል ኢንዛይም ቡናማ ስብ ውስጥ መኖሩ በ1983 (እ.ኤ.አ.) ታወቀ። አይጦች ብርድ ላይ ሲቀመጡ ነርቮቻቸው ኖርአድሬናሊን የሚባል መልእክተኛ ንጥረ ነገር ይለቃሉ፤ ኖርአድሬናሊኑ ኢንዛይሙን ያነሣሣል፤ ስቡ ውስጥ ያለው ቲ-3 በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ደም ውስጥ ያለው ግን ብዙም ላይለወጥ ይችላል። ይህን ልብ በሉ። ደም ለክተን «ሆርሞኑ ደህና ነው» ስንል ሥጋው ውስጥ ያለውን ሁልጊዜ አላየንም። በ2001 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ይህ ኢንዛይም የሌላቸው አይጦች ብርድ ላይ ሲወጡ ቡናማ ስባቸው በቂ ሙቀት እንደማይሰጥ ታየ። የተረፉት በመንቀጥቀጥ ነው።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ የሚያስበው እንዲህ ነው፦ ግልገሉ ሲወለድ ይበርደዋል፣ ታይሮይድ ሆርሞን ይለቃል፣ ሆርሞኑ ያሞቀዋል። ቀላልና ያማረ ታሪክ ነው። ማስረጃም ያለው ይመስላል። ግልገል በተወለደ በሰዓታት ውስጥ ደሙ ውስጥ ያለው ቲ-3 በእርግጥ ሽቅብ ይወጣል። በሰው ልጅም እንደዚያው ነው። ሕፃን በተወለደ በ30 ደቂቃ አካባቢ ታይሮይድን የሚያዘው ሆርሞን፣ ቲኤስኤች፣ ከፍተኛ ደረጃው ላይ ይደርሳል። መውጣቱና ብርዱ ገጣጥመዋል። ታዲያ ምን ቀረ?

ሰዓቱ ነው የማይገጥመው። የታይሮይድ ሆርሞን አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው ዘረ መሎችን በማንቃት ነው። ዘረ መል ሲነቃ ፕሮቲን ይሠራል፣ ፕሮቲኑ ይከማቻል፣ ከዚያ ሙቀት ይመጣል። ይህ ሰዓታትና ቀናት ይወስዳል። ግልገሉ ግን ያለው ደቂቃዎች ናቸው።

በ1984 (እ.ኤ.አ.) በሳን ፍራንሲስኮ ይህን ጥያቄ ፊት ለፊት የገጠመ ሙከራ ተሠራ። እኔ ስለዚህ ጉዳይ ከተሠሩት ሁሉ በጣም የምወደው ይህን ነው። የተመራማሪዎቹ ሐሳብ ግልጽ ነበር። አንደኛው ወገን ግልገሎች ታይሮይዳቸው የወጣው ልክ ሲወለዱ ነው። የቲ-3 ማሻቀብ አልታየባቸውም። ሁለተኛው ወገን ዕጢያቸው የወጣው ገና ማህፀን ውስጥ ሳሉ፣ ከመወለዳቸው ሁለት ሳምንት ገደማ በፊት ነው። ልክ ሲወለዱ ዕጢያቸውን ያጡት ኦክስጅን የሚጠቀሙት፣ ልባቸው የሚሠራው ከጤነኞቹ ብዙም ሳይለይ ነበር። ከመወለዳቸው በፊት ያጡት ግን ተጎዱ፤ የሚጠቀሙት ኦክስጅን አነሰ፣ ልባቸውም ደከመ። በ1987 (እ.ኤ.አ.) ሌሎች ተመራማሪዎች ጽንስ እያሉ ዕጢያቸው የወጣ ግልገሎች ከተወለዱ በኋላ ሙቀታቸውን መጠበቅ እንደሚያቅታቸው አሳዩ።

እና መልሱ ምንድነው? ክብሪቱን የሚጭረው ኖርአድሬናሊን ነው፤ ታይሮይድ እንጨቱን ሲያደርቅ የከረመው ነው። በውርጩ ማለዳ የሚሆነው ነገር አብዛኛው አስቀድሞ ተወስኗል። በእርግዝናው የመጨረሻ ሳምንታት ማን በልቶ፣ ማን ተርቦ፣ ማን አዮዲን አግኝቶ እንደነበር ነው ልዩነቱ። የዛሬ ንግግሬ ዋና ነገር ይኸው ነው፤ ቡና ለመጠጣት የሚቸኩል ካለ አሁን ሊወጣ ይችላል።

ለቀራችሁት፣ ማህፀን ውስጥ ያለውን ዝግጅት እንየው። የበግ ጽንስ የራሱን ታይሮይድ ማሠራት የሚጀምረው ከእርግዝናው አጋማሽ በፊት ነው። የበግ እንግዴ ልጅ የእናቲቱን ሆርሞን ከቁጥር በማይገባ መጠን ነው የሚያሳልፈው። አዮዲኑን ግን ያሳልፋል። ስለዚህ ጽንሱ ሆርሞኑን ራሱ ይሠራል፣ ጥሬ ዕቃውን ከእናቱ ይወስዳል። እስከ መጨረሻው ድረስም ቲ-3 አይበዛበትም። አብዛኛው ቲ-4 ሥራ ወደማይሠራ መልክ ይቀየራል። ይህ ጥበብ ነው። በማህፀን ሙቀት ውስጥ ያለ ጽንስ ምግቡን ለእድገት እንጂ ለማሞቂያ ማዋል የለበትም። መውለጃው ሲቃረብ ከኩላሊት በላይ ካለችው ዕጢ ኮርቲሶል የሚባል ሆርሞን ይነሣል። ኮርቲሶሉ የኢንዛይሞቹን ሚዛን ይገለብጣል፤ ቲ-3 መጨመር ይጀምራል። ሳንባውም፣ ጉበቱም፣ ቡናማ ስቡም በዚህ ይበስላሉ። ያለ ቀኑ የተወለደ ግልገል ይህን ሳይጨርስ ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ የሚሞተው በትንሽነቱ ብቻ አይደለም።

ደግሞ ሌላ የሚገርም ነገር አለ። ስቡ ተዘጋጅቷል እንበል። ማህፀን ውስጥ እያለ ለምን አይነድም? በ1980ዎቹ የኒውዚላንድና የአሜሪካ ተመራማሪዎች ማህፀን ውስጥ ባለ የበግ ጽንስ ዙሪያ ቀዝቃዛ ውሃ የሚያልፍበት ቱቦ ጠመጠሙ። ጽንሱ ቀዘቀዘ። ቡናማው ስብ ግን እዚህ ግባ የሚባል ሥራ አልሠራም። ሳንባው ውስጥ ኦክስጅን አስገቡ፤ ትንሽ ተሻሻለ። እትብቱን ሲያስሩ ግን ሙቀቱ ተነሣ። እንግዴ ልጁ ስቡ እንዳይነድ የሚያግዱ ነገሮችን ሲልክ ኖሯል ማለት ነው። እትብት ሲቆረጥ እገዳው ይነሣል። ብርድ፣ እስትንፋስና የእትብት መቆረጥ አንድ ላይ ሲመጡ ነው ሁሉም ነገር የሚጀምረው።

ሁሉም እንስሳ እንደ በግ ተዘጋጅቶ አይወለድም። ቡችላ ሲወለድ ዓይኑ አልተገለጠም፤ በመጀመሪያው ሳምንት ሙቀቱ 35 እና 36 ዲግሪ ላይ ነው፤ መንቀጥቀጥም አይችልም። የእሱ ማሞቂያ እናቱና ወንድሞቹ ናቸው። የአይጥ ልጅም እንዲሁ ነው፤ የታይሮይድ ሆርሞኑ የሚያሻቅበው ከተወለደ በኋላ፣ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ አካባቢ ነው። ግልገል ግን በተወለደ በሰዓቱ ቆሞ መንጋ መከተል አለበት። ስለዚህ አይጥ ከተወለደ በኋላ የሚሠራውን እሱ ማህፀን ውስጥ ጨርሶ ይመጣል።

ይህ ሁሉ አዮዲን ካለ ነው። ከሌለ ዕጢዋ ያላትን ለማብቃቃት እያበጠች ትሄዳለች፣ እንቅርት ይሆናል። በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ በአሜሪካዋ ሞንታና አርቢዎች ጉድ አጋጠማቸው። የአሳማ ግልገሎች ጠጉር ሳይኖራቸው፣ አንገታቸው አብጦ እየተወለዱ በሰዓታት ውስጥ ይሞቱ ነበር። በ1917 (እ.ኤ.አ.) አካባቢ ያረገዙት አሳማዎች አዮዲን ሲሰጣቸው ችግሩ ጠፋ። በበግም ያው ነው። እንቅርት ይዞ የተወለደ ግልገል ደካማ ነው፤ ጠጉሩ ይሳሳል፤ ብርድ አይችልም። ሙቀት ማመንጫውም ሙቀት መያዣውም አንድ ላይ ነው የሚበላሹት። በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ማለት ይኼ ነው።

እኛ አገር አዮዲን የሰው ችግር ተብሎ ነው በደንብ የተጠናው። ከ6 እስከ 12 ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ በተሠራና በ2007 (እ.ኤ.አ.) በታተመ አገር አቀፍ ጥናት እንቅርት ወደ 40 በመቶው ላይ ተገኝቷል። ምክንያቱ በከፊል ታሪክ ነው። ከ1998 (እ.ኤ.አ.) ጦርነት በፊት አዮዲን የገባበት ጨው በኤርትራ በኩል ይመጣ ነበር። ጦርነቱ ሲነሣ ተቋረጠ። ገበያው ወደ አፍዴራ ጨው ዞረ፤ ያን ጊዜ አዮዲን አይጨመርበትም ነበር። በ2011 (እ.ኤ.አ.) የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አዮዲን ያለው ጨው የተገኘባቸው ቤቶች 15 በመቶ ገደማ ብቻ ነበሩ። በዚያው ዓመት ደንብ ወጣ፣ በ2016 (እ.ኤ.አ.) ቁጥሩ 89 በመቶ ደረሰ። ይህ ትልቅ ሥራ ነው፤ ሲመሰገን ግን ብዙ አልሰማሁም።

በጓ ግን ምን ትልሳለች? አሞሌ። አሞሌ ከዳሎል ሜዳ ተቆርጦ በግመል የሚመጣ ጨው ነው፣ አዮዲን የሚጨምርበት የለም። ሣሩ የበቀለበት የደጋ አፈርም ዘመን ሙሉ በዝናብ ሲታጠብ የኖረ ነው። ሰውና በግ የሚኖሩት በዚያው አፈር ላይ ነው። ሰዉ ላይ እንቅርት ያየ ሐኪም በጎቹንም ቢያይ ጥሩ ነበር እላለሁ፤ የሰውና የእንስሳት ጤና መሥሪያ ቤቶች ግን እምብዛም አይነጋገሩም።

ሁለት ነገር ልጨምርና ልለፈው። ጎመንና የጎመን ዘር ፋጉሎ ውስጥ ታይሮይድን የሚያውኩ ነገሮች አሉ። ኒውዚላንድ ውስጥ እርጉዝ በጎች ጎመን መሰል ተክል ላይ ሲከርሙ ግልገሎቹ እንቅርት ይዘው እንደሚወለዱ አርቢው ሁሉ ያውቃል። ትንሽ የጎመን ቅጠል ምንም አይደለም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ወር የጎመን ዘር ፋጉሎ ብቻ መስጠት ግን ልክ አይደለም፤ ከኑግ ፋጉሎ ጋር አቀላቅሉት። ሁለተኛ፣ አዮዲን የሚነቅሉት ኢንዛይሞች ለመሥራት ሴሊኒየም የሚባል ማዕድን ይፈልጋሉ። በአማራ ክልል እህል ውስጥ ያለው ሴሊኒየም ከቦታ ቦታ በጣም እንደሚለያይ ታውቋል። አዮዲን ሰጥታችሁ ለውጥ ካላያችሁ ወደዚያ ተመልከቱ።

ከሁሉ በላይ ግን መኖ ነው። ጽንሱ ክብደቱን 70 በመቶ ያህል የሚጨምረው በመጨረሻዎቹ ስድስት ሳምንታት ነው። ኅዳር ላይ የምትወልድ በግ እነዚህን ሳምንታት የምታሳልፈው መስከረምና ጥቅምት ላይ ነው። ለጥቅምት አንድ አጥንት እንላለን ለራሳችን። ለእርጉዟ በግ ማን አሰበላት? እነዚያን ሳምንታት በደንብ የበላች በግ ኩላሊቱ ዙሪያ በቂ ስብ ያለው ግልገል ትወልዳለች፤ እንገሯም ቶሎ ይመጣል።

እዚህ ላይ አንድ የሚገርም ግኝት ላንሣ። በእንግሊዝ እርጉዝ በጎች ከመውለዳቸው አንድ ወር ገደማ በፊት ተሸለቱ። እናቶቹ በረዳቸው፣ የግልገሎቹ ቡናማ ስብ ግን የበለጠ ሙቀት የሚሰጥ ሆነ። የበርኖስ አገር ሰዎች ይህን ስትሰሙ መቀሳችሁን እንዳታነሡ። እነዚያ በጎች ጋጣ ውስጥ ጠግበው ይበሉ ነበር። ከሲታ በግ ሸልቶ ውርጭ ላይ ማሳደር ሌላ ነገር ነው።

ቡናማው ስብ ለዘላለም አይደለም። ለሰዓታት፣ ቢበዛ ለአንድ ሁለት ቀን ማገዶ ነው። ግልገሉ በጊዜ ካልጠባ ያልቃል። በወር ገደማ ውስጥ ደግሞ ስቡ ራሱ ወደ ተራ ነጭ ስብ ይቀየራል። ስለዚህ እንገር በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓት ውስጥ፣ ቢዘገይ እስከ ስድስት ሰዓት። በአንድ ጊዜ ለአንድ ኪሎ ክብደት 50 ሚሊ ሊትር፣ በመጀመሪያው ቀን በጠቅላላው 200 ሚሊ ሊትር ለኪሎ። የበረሃ ፍየልም ሆነ የደጋ በግ፣ ቁጥሩ ብዙም አይለይም።

እንግዲህ ወደ ጥያቄዎቹ።

አንድ ሽማግሌ አባት እንዲህ ጠየቁኝ፦ «ልጄ፣ እኛ ግልገል ሲደነዝዝ እሳት ዳር እናስቀምጣለን። አንዳንዱ ይነሣል፣ አንዳንዱ እየሞቀ ሳለ ይንፈራገጥና ይሞታል። ለምንድነው?»

አባቴ፣ ይህን ያስተዋለ ሰው ግማሹን መልስ ይዟል። ልዩነቱ ዕድሜው ነው። አሁን የተወለደ፣ አምስት ሰዓት ያልሞላው ግልገል ገና ስንቁ አለው። አድርቁት፣ አሙቁት፣ ይነሣል። ከአምስት ሰዓት በላይ ሆኖት ሳይጠባ የቀዘቀዘ ግን ስንቁን ጨርሷል፤ ደሙ ውስጥ ስኳር የለም። ሲሞቅ አእምሮው ይነቃና ስኳር ይጠይቃል፤ የለም። ያኔ ነው የሚንፈራገጠው። ሙቀቱ ከ37 ዲግሪ በታች ሆኖ ዕድሜው ከአምስት ሰዓት በላይ ከሆነ መጀመሪያ የግሉኮስ መርፌ ነው፣ ከዚያ እሳቱ። መርፌው ሆድ ዕቃ ውስጥ የሚገባ ስለሆነ የእንስሳት ሐኪም ይስጠው፤ ወይም እሱ ያሠለጠነው ሰው። አንገቱን ማቅናት ላቃተው ግልገል ደግሞ ወተት በአፉ አታጠጡት። ወደ ሳንባው ይገባል። ከ37 እስከ 39 ያለው ግን መርፌ አይፈልግም፤ አድርቆ እንገር ማጥባት ይበቃዋል። ቴርሞሜትር ርካሽ ነው። ለመንደሩ አንድ ይኑር።

አንዲት ከአሜሪካ ለዘመድ ጥየቃ የመጣች እህት ደግሞ ልጇ እዚያ ሲወለድ ተረከዙን ወግተው ደም እንደወሰዱ ነግራ፣ ከዚህ ጋር ይገናኝ እንደሆነ ጠየቀች።

በደንብ ይገናኛል እህቴ። ከሚመረመሩት ነገሮች አንዱ ታይሮይድ ነው። ከ2,000 እስከ 4,000 ከሚወለዱ ሕፃናት አንዱ በቂ ሆርሞን ሳይኖረው ይወለዳል። ምርመራው የተጀመረው በካናዳ ኩቤክ በ1970ዎቹ ነው። ደሙን የሚወስዱት ወዲያው ሳይሆን ቢያንስ አንድ ቀን ካለፈ በኋላ ነው። ምክንያቱ ቅድም ያነሣሁት ነው፤ ሆርሞኑ ሲጎድል ቲኤስኤች ከፍ ይላል፤ በመጀመሪያው ሰዓት ቲኤስኤች በጤነኛውም ሕፃን ስለሚያሻቅብ ሁሉም ታማሚ ይመስላል። ችግሩ በጊዜ ከተገኘ በየቀኑ የምትሰጥ አንዲት ትንሽ ክኒን አእምሮውን ታድነዋለች። ሕፃኑ ላይ ከሚታዩት ምልክቶች አንዱ ገላው ቀዝቀዝ ማለቱ ነው፤ ግን ምልክት መጠበቅ አያዋጣም፤ ሲታይ ብዙ ጊዜ ረፍዷል።

የመጨረሻው ጥያቄ አጭር ነበር፦ «ታዲያ የወጥ ቤቱን ጨው ለበጎቼ ልስጥ?»

ለእርጉዞቹ፣ አዎ። አሞሌውን መተው የለባችሁም፤ ከጎኑ አዮዲን ያለውን ጨው ጨምሩ። ፀሐይና እርጥበት በማያገኘው ዕቃ ከድናችሁ አስቀምጡት፤ አለዚያ አዮዲኑ እየቀነሰ ይሄዳል። በረት ውስጥም ዝናብ በማይደርስበት ገንዳ ይሁን። ግን ጥሩ ነው ተብሎ አዮዲን በብልቃጥ እየገዙ ማጠጣት የለም። የባሕር ተክል በብዛት የተመገቡ እርጉዝ ፈረሶች እንቅርት ያለባቸው ውርንጭላዎች ወልደው ታይተዋል። አዮዲን ሲበዛም ዕጢዋ ሥራዋን ታቆማለች፤ ከውጭ ሲያዩት ከማነሱ ጋር ልዩነቱ አይታወቅም።